ጃርትና የጭቃው ገበታ

በበሽሎ ወንዝ ዳር፣ ከገደሉ ሥር፣ አንድ የእንስሳት መንደር ነበረ። በአንድ ክረምት ነብር ሦስት ልጆች በላበት። ሽማግሌዎቹ ዋርካ ሥር ተቀምጠው መከሩና «ልጆቻችን ያለቁት ዱካ ማንበብ ስለማያውቁ ነው» አሉ። ከወንዙ ዳር ያለውን ለጥ ያለ ጭቃ ደልድለው ገበታ አደረጉት፤ ትምህርት ቤትም ተከፈተ።

በገበታው ላይ 33 እንስሳት ዱካቸውን አተሙ። እያንዳንዱም በ7 ዓይነት አረማመድ ረገጠ፤ ቆሞ፣ ሲራመድ፣ ሲሮጥ፣ ሲያነክስ፣ ሲያደባ፣ ጠግቦ፣ ተርቦ። ሁሉም ሲቆጠር 231 ሆነ። ከ33ቱ እንስሳት ሦስቱ መልካቸው የተለያየ ሲሆን ስማቸው ግን አንድ ነበር፤ ሦስቱም «ሚዳቋ» ይባላሉ። ድሮ ድሮ ሦስት ዓይነት ሚዳቋ ነበረ አሉ። አሁን የቀረው አንድ ነው። ቢሆንም አንዱን ሚዳቋ በሌላው ሚዳቋ ቦታ ያነበበ ልጅ ይገረፍ ነበር።

ለመምህርነት የተመረጡት የኔታ ጉሬዛ ናቸው። ጉሬዛ ከዛፍ የሚወርደው ለስንት አንዴ ነውና የኔታ በዕድሜያቸው ዱካ ተከትለው አያውቁም። ካባቸው ግን ነጭ ነበር።

ከተማሪዎቹ መካከል አንድ የጃርት ልጅ ነበረ። ለሌሎቹ ልጆች ዱካው ጭቃው ላይ ዝም ብሎ ይተኛላቸዋል። ለትንሹ ጃርት ግን አይተኛለትም። ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆንበታል። የድኩላን ኮቴ ትኩር ብሎ ሲያየው ጠበብ ይልና ሚዳቋ ይመስለዋል። ትናንት የለየው ዱካ ዛሬ እንግዳ ሆኖ ይጠብቀዋል። የኔታ ስንደዷቸውን ቀስረው «ይህስ?» ሲሉት መጀመሪያ ላቡ ይመጣል፤ ቀጥሎ መልሱ ይጠፋል።

አባቱም እንዲሁ ነበረ። በልጅነቱ ከዚሁ ጭቃ ፊት ሁለት ዓመት ተቀምጦ ሦስተኛው ላይ ጠፋና ጉድጓድ ቆፋሪ ሆነ። በመንደሩ ዝናብ የማያስገባ ጉድጓድ ካለ የእሱ እጅ ሥራ ነው። ስለ ትምህርት ሲወራ ግን አቀርቅሮ ጥፍሩን ያያል።

ትንሹ ጃርት ዘዴ ፈለገ። ጓደኞቹ ጮክ ብለው ሲያዜሙ እየሰማ 231ዱንም ከላይ እስከ ታች በቃሉ ያዘ። ስንደዶው ሲንቀሳቀስ እሱም በልቡ እየቆጠረ አንድ ሳይስት ይወርደው ጀመር። እናቱ ደስ ብሏት ንፍሮ ቀቅላ ለጎረቤት አደለች። በሳምንቱ የኔታ ከታች ወደ ላይ አስቆጠሩት። የድኩላን ኮቴ «ዝሆን» አለው። ልጆቹ እስኪንከባለሉ ሳቁ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ዝሆን ሆነ።

«የኔታ፣ ልጄ ምን ሆነብዎ?» አለች እናቱ።

«ዓይን አለው፤ ዓይኑ ግን ሥራ ፈቷል» አሉ።

እንግዲያው ዓይኑ ነው ተብሎ ሰባት ቀን ጠበል ወሰዱት። ዓይኑ ድሮም ጤነኛ ነበርና ጤነኛ ሆኖ ተመለሰ። ቀጥሎ እስስት ዘንድ ሄደው ክታብ አስጻፉለት። ክታቡ በአንገቱ እያለ ድኩላው አሁንም ሚዳቋ ሆነበት። በሦስተኛው ስንፍና ነው ተባለና ጦጣ እንዲገርፈው ታዘዘ። ጃርት ሲፈራ እሾሁ ይቆማል፤ እሾሁ የጦጣን መዳፍ ወጋው። «ለካ ባለጌም ነው» ተባለ።

አንድ ቀን የኔታ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ትንሹ ጃርት ጎንበስ ብሎ አፍንጫውን ከጭቃው አስነካ። ፊቱ በራ።

«ድኩላ ናት» አለ። «ገበታውን የረገጠችው ሐሙስ ማታ ነው። ግራ እግሯ ቆስሏል፤ እሬት ተቀብታለች።»

ልጆቹ ዝም አሉ። ድኩላዋ ከወንዙ ማዶ ሆና ሰማችና ግራ እግሯን ከሆዷ ሥር ሰበሰበች።

«ማን ነገረህ?» አሉ የኔታ።

«አፍንጫዬ፣ የኔታ።»

«እኔ የጠየቅሁት ዓይንህን ነው።»

ኩረጃ ተብሎ ተመዘገበበት።

በወንዙ ዳር እማማ ኤሊ የሚሏቸው አሮጊት ነበሩ። ማታ ማታ ልጁ ብቻውን ሲያለቅስ ሰምተው ጠሩት። «በዓይንህ አትሩጥበት፤ እግርህን አግባበት» አሉት። መዳፉን በድኩላው ኮቴ ውስጥ አስገብተው ጥልቀቱን፣ ጠርዙን፣ የጣቱን ስንጥቅ እንዲዳብስ አደረጉት። የአንዱን ዱካ ስም እየጠራ አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ይዳብሳል። በአንድ ክረምት አሥራ ሁለት ዱካ አወቀ፤ ያወቀውም ዳግመኛ አልጠፋበትም። ነገር ግን የገበታው ጠርዝ መሸራረፉ ታወቀ። ልጁ በንብረት ማበላሸት ተከሰሰና ጭቃ እንዲደለድል ተፈረደበት። እማማ ኤሊም ወደ ትምህርት ቤቱ ዝር እንዳይሉ ታገዱ። ድሮም ለመድረስ ሁለት ቀን ይፈጅባቸው ስለነበር እገዳው ብዙም አልከበዳቸውም።

ኩረጃው እንዳይደገም የልጁ አፍንጫ በቃጫ ታሰረ። የከርከሮ እናት ግን «የእኔ ልጅ አፍንጫ ተከፍቶ የእሱ ሲታሰር፣ ነገ አዳልታችኋል እንባላለን» ብላ አመለከተች። ለእኩልነት ሲባል የሁሉም ልጆች አፍንጫ ታሰረ። መጀመሪያ ሰሞን ያስነጥሳቸው ነበር። በኋላ ለመዱት፤ ከዚያም ለምን እንደሚያገለግል ረሱት።

ከወንዙ ማዶ ካለው ቋጥኝ ላይ ነብር ተኝቶ ዓመቱን ሙሉ ትምህርቱን ሲከታተል ከርሟል። ቀሪ ሆኖ አያውቅም።

የፈተናው ለት ከጎህ በፊት ነብር በድንጋዩ ላይ እየዘለለ ተሻገረ። ከዚህ ቀደም ከበላው ድኩላ የቀረውን ኮቴ በአፉ ይዞ ነበር። ያንን እያተመ ከገበታው ጠርዝ እስከ ረጅሙ ሣር ድረስ ልቅም ያለ መስመር ሠራና ሣሩ ውስጥ ተጋደመ። የኔታ መጥተው ሲያዩት እጃቸውን አጨበጨቡ። «እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ዱካ በዘመኔ አላየሁም» ብለው የመጀመሪያ ጥያቄ አደረጉት።

«ድኩላ!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

የጃርት ልጅ ቃጫው በጤዛ ርሶ ላልቶበት ነበር። እሾሁ በሙሉ ቆመ። «ነብር» አለ።

«ነብር ኮቴ አለው እንዴ?» አሉ የኔታ። ልጆቹ ሳቁ። ዜሮ ተሰጠው።

ፈተናውን ቀድማ የጨረሰችው ሁልጊዜ አንደኛ የምትወጣው ሚዳቋ ነበረች። ልትጫወት ወደ ሣሩ ሄደች። አልተመለሰችም።

ለቀስተኛው ሲበተን ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሦስት ቀን መክረው እንዲህ ወሰኑ። ነብር የራሱ ያልሆነ ዱካ በመጠቀሙ ኮርጇልና ማስጠንቀቂያ በጭቃ ተጽፎ ወደ ቋጥኙ ትይዩ ይለጠፍ። ጭቃው ላይ የነበረው የድኩላ ኮቴ ነውና መልሱ ድኩላ ሆኖ ይጸናል፤ ሟች ሙሉ ነጥቧን ታገኛለች። የጃርት ልጅ ከጥያቄው ውጪ ስለመለሰ አንደኛ ክፍልን ለአራተኛ ጊዜ ይደግማል። በተጨማሪም ነብሩን አስቀድሞ በምን እንዳወቀ ይመርመር።

ምርመራው እስካሁን አላለቀም።

ትንሹ ጃርት አሁን ትንሽ አይደለም፤ ከሕፃናቱ ጋር ሲቀመጥ ጉልበቱ ከአገጩ ይደርሳል። ማለዳ ማለዳ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣና ከዛፉ ሥር ይቆማል። የኔታ ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ላይ ሆነው ካባቸውን ይሰበስባሉ፤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ዝሆን፣ ዛሬስ ምን ይሸትሃል?» ይሉታል። እሱም ወደ ሣሩ፣ ወደ ቋጥኙ፣ ወደ ወንዙ ዞሮ ያሸታል። «ዛሬ ምንም የለም፣ የኔታ» ሲል ይወርዳሉ። ቃጫውን ያስሩለታል። ትምህርት ይጀመራል።