ድመት በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ ስለምታካሂደው ምርመራ

የቤት ድመት የኤሌክትሪክ ገመዶችን በየዕለቱ የምትመረምር ብቸኛዋ የቤተሰብ አባል ናት። ሌሎቹ ገመድ መኖሩን የሚያስታውሱት ስልካቸው ሲዘጋ ወይም እግራቸውን ሲጠልፋቸው ነው። ድመቷ ግን ሶፋ ሥር ገብታ ከሶኬቱ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን መስመር በአፍንጫ፣ ቀጥሎ በመዳፍ፣ በመጨረሻም በጥርስ ታጣራለች። ለዚህ አገልግሎት አበል አልተቆረጠላትም።

ዝንባሌው በልጅነት ይጀምራል። ግልገል ድመት 26 የወተት ጥርሶች አሏት፤ ከሦስት ወር ተኩል እስከ ስድስት ወር ባለው ዕድሜ ውስጥ እየረገፉ በ30 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። ድዷ እረፍት በሚነሳት በእነዚህ ወራት ፕላስቲክ የለበሰ ገመድ ለማኘክ የተሠራ ያህል ይመቻል። ያደገችዋ ደግሞ ቀጭን ነገር ሲጎተት ካየች ዝም ብላ ማሳለፍ አይሆንላትም። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ስለ ገመድ አለማንሳቱ ከቻርጀር በፊት በመነገሩ ሊሆን ይችላል።

የገመዶቹ አደጋ እኩል አይደለም። የስልክ ቻርጀር ከሶኬት 220 ቮልት ተቀብሎ በቀጭኑ ገመድ የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ 5 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ በዋናነት የሚጎዳው ገመዱ ነው፤ ቤቱን በጩኸት የሚሞላውም ይኸው ጉዳት ነው። የፍሪጅ፣ የካውያና የኤሌክትሪክ ምጣድ ገመዶች ግን ሙሉውን 220 ቮልት የተሸከሙ በመሆናቸው ሊገድሏት ይችላሉ። እነዚህ ሲታኘኩ የሚቆጣ አይገኝም፤ ፍሪጅ ጀርባ የሚመለከት የለምና። ከዚህ የሚወጣው ሕግ፣ ድመቷ ላይ የሚጮኸው ጩኸት በበረታ መጠን አደጋው አነስተኛ መሆኑ ነው። ድመቷም ከተቆጧት ገመድ ወደማይቆጧት ገመድ ብትዛወር በምክንያት ነው።

ከመከላከያ ዘዴዎች ሁሉ የሚሠራው ቀላሉ ነው፤ ሥራ ላይ ያልዋለን ገመድ መንቀል። መነቀል የማይችለው ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ይለብሳል ወይም ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከባድ ዕቃ ጀርባ ያልፋል። ምንጣፍ ሥር መቅበር ተወዳጅ ነው፤ ሆኖም ገመዱ ሲረገጥ የሚላጠውና ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ የሚግለው ከድመቷም ከባለቤቷም ተሰውሮ ነው። ልጅን ጡት ለማስጣል የሚቀባው እሬት እዚህ አይመከርም፤ ለድመት መርዝ ነው። ሚጥሚጣም ከመዳፏ ወደ ዓይኗ ይሻገራል። መብራት መጥፋቱ ገመዱን ሁሉ ለጊዜው ተራ ገመድ ያደርገዋል፤ የዘዴው ጉድለት መብራቱ የሚመጣበትን ሰዓት ድመቷም ሆነች ባለቤቷ አለማወቃቸው ነው።

ድመቷ ገመድ እንደነከሰች ደርቃ ከተገኘች መጀመሪያ የሚነካው እሷ ሳትሆን ብሬከሩ ነው። ብሬከሩ ካልተገኘ (ቁምሳጥን ተደግፎበት ሊሆን ይችላል) ገመዱ በደረቅ የመጥረጊያ እንጨት ከአፏ ይላቀቃል። ቃጠሎው ከንፈርና ምላስ ላይ ይታያል። ተነሥታ ብትሄድ፣ ብትበላም እንኳ በሳንባዋ ውስጥ ፈሳሽ መጠራቀሙ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ሊገለጥ ስለሚችል ወደ እንስሳት ሐኪም ትወሰዳለች። የተነከሰው ገመድ ደግሞ ይጣላል። የተለመደው አሠራር ግን በጥቁር ናስትሮ ጠቅልሎ በዚያው ምሽት መሰካት ነው፤ ናስትሮው ከቀድሞው ልባስ ይልቅ ለጥርስ የለሰለሰ ነው።