ሰማያዊና ነጩ መጤ ዝርያ፦ አካሉና ባህሉ

ሊቃውንት ጣናን የወረረውን እምቦጭ በመጤ ዝርያነት ሲመዘግቡ፣ መላውን አዲስ አበባ የወረረውን ሚኒባስ ማለፋቸው ያስገርማል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው። መስክ የተወጣው ወደ ሥራ ሲኬድና ከሥራ ሲመለስ ነው።

ትውልዱ ጃፓን ነው። ቶዮታ ሃይስ የተባለው ዘር ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሆን፣ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሚገኝ አፍንጫ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ትውልድ አፍንጫ አብቅሏል፤ እኛ ሰፈር ለሚርመሰመሱት ግን ወሬው የደረሳቸው አይመስልም። በእነዚህ ውስጥ ሞተሩ ከሥሩ ስለሆነ ጋቢና የተቀመጠ ሰው በክረምት ይሞቀዋል፣ በበጋ ይጠበሳል።

ከእሱ በፊት ከተማዋን ይዞ የነበረው ውይይት ተሳፋሪዎቹን ፊት ለፊት አፋጥጦ የሚያስቀምጥ ፍጡር ነበር፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያው ነው። ሃይስ ሰውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አዞረው። ከዚያ ወዲህ የምንተዋወቀው በማጅራት ነው።

ድምፁ የሚወጣው ከጎኑ፣ ከተንሸራታቹ በር ነው። በሩ ላይ የተንጠለጠለው ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው የቀረው!» ሲል የቁጥር ሥርዓቱ ከእኛ የተለየ ነው። ሁለት ማለት አምስት መሆኑን በጉልበቴ አረጋግጫለሁ፤ አንደኛዋ ዘንቢሏን ያስቀመጠችው እዚያ ላይ ነበር። ጆሮው ደግሞ የሚሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ወራጅ!» በለሆሳስ ከተባለ ግን አይቆጠርም። ዓይናፋር ሰው ቤቱን በመስኮት እያየ ያልፋል።

ዝናብ ሲጥል ይሰወራል። የት እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም።

ወደ አተነፋፈሱ ስንመጣ፣ አይተነፍስም። መስኮት እንዳለው አይካድም፤ ይከፈታል ለማለት ግን ማስረጃው ደካማ ነው። ሚያዝያ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ከሳሪስ ስንመጣ፣ ለሙከራ ያህል መስታወቱን ሁለት ጣት ገፋ አደረግሁት። ከኋላዬ ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት «ልጄ፣ ኧረ ንፋስ ይመታናል» አሉ። ላብ ከግንባራቸው ይንቆረቆራል። ዘጋሁት። ተሳፋሪው ሁሉ እፎይ ብሎ ተነፈሰ፤ የተነፈስነውንም መልሰን ተካፈልነው።

ከባህሉ ሁሉ የረቀቀው የመልስ ሥርዓት ነው። ረዳቱ ዝርዝር ሲያጥረው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ይመርጥና አንድ የሃምሳ ብር ኖት ለአንዳቸው አስጨብጦ «የሁለታችሁ ነው፣ ወርዳችሁ ተካፈሉ» ይላል። በዚህች ቃል ጥምረት ይመሠረታል። ሽማግሌ አልተላከ፣ ጥሎሽ አልተጣለ፣ ምስክር አልቆመ። ጥንዶቹ አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ፣ ባለሱቁ «ሳትገዙ አልዘረዝርም» ሲላቸው ማስቲካ የመግዛቱን ነገር ይመካከራሉ። ፍቺው የሚፈጸመው ዝርዝሩ እንደተገኘ ነው፤ ማስቲካው ማን ዘንድ እንደሚቀር ግን ቋሚ ደንብ አላገኘሁም።

እኔ ለዚህ ወግ የበቃሁት ሜክሲኮ ላይ ነው። አጣማሪዬ ቡናማ ኮት የለበሰች ሴት ነበረች፤ ብሩ በእጇ ነው። ስንወርድ ስልኳ ጠራ። «እሺ፣ እሺ፣ ደርሻለሁ» እያለች አስፋልቱን ተሻገረች። እኔ መኪና አሳልፌ ስሻገር ከሰልፈኛው መሐል ሦስት ቡናማ ኮት ቆሟል።

25 ብሬ እሷ ዘንድ ነው። የመስክ ሥራው ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ እዚያው ተራው ጋ ቀጥሏል።