ትንሹ ፑድልና ቤተሰብን የማላመድ ጥበቡ

ለማዳ እንስሳት የሚባሉት የሰው ልጅ ከዱር አውጥቶ ከራሱ ኑሮ ጋር ያስማማቸው ፍጥረታት መሆናቸው በየመማሪያ መጽሐፉ የሰፈረ ሲሆን፣ ይህ ትርጉም በሬን፣ በግንና አህያን በሚመለከት እስካሁን የጎላ ተቃውሞ አልገጠመውም። ትንሹን ፑድልና ከእርሱ የተዳቀሉትን ውሾች በሚመለከት ግን ማን ማንን እንዳላመደ ገና ያልተዘጋ ጥያቄ ነው። የዚህ ጥናት ዓላማ ጥያቄውን በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በተለይም በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ፣ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ መመርመር ነው፤ ስፍራው የተመረጠውም ውሻ ማለት ግቢ የሚጠብቅ እንስሳ ነው ተብሎ ያደገ ወላጅና ውሻ ማለት አልጋ ላይ የሚተኛ ወንድም ነው ብሎ የሚያድግ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚገኙበት ነው።

ፑድል የሚመደበው በቁመቱ ነው፤ ቁመት የሚባለውም አንገትና ራስ ሳይቆጠሩ ከመሬት እስከ ትከሻ ያለው ርቀት ነው። የውሾችን የትውልድ ሐረግ የሚመዘግበው አሜሪካን ኬኔል ክለብ ከ38 ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ የሚቆመውን ስታንዳርድ፣ ከ25 እስከ 38 ሴንቲ ሜትር ያለውን ሚኒየቸር፣ ከ25 ሴንቲ ሜትር የማያልፈውን ደግሞ ቶይ ይለዋል። ቶይ የሚመዝነው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ በቤት ውስጥ የሚይዘው ቦታ ግን ከክብደቱ ጋር ዝምድና እንደሌለው ከወዲሁ መመዝገብ አለበት፤ ይህ ፍጡር ሶፋ መሐል ሲተኛ የቤቱ ሰዎች እንዳይቀሰቅሱት ቆመው ቴሌቪዥን የሚያዩበት ሁኔታ አለና።

በታሪኩ ፑድል የሳሎን እንስሳ አልነበረም። ሥራው አዳኝ የመታውን ዳክዬ ከወንዝና ከሐይቅ ዋኝቶ ማምጣት ነበር፤ ዛሬ በውድድር መድረክ ላይ ሲታይ ቅብጠት የሚመስለው አቆራረጥም የመጣው ከዚሁ ሙያ ነው፤ ወገቡ የሚላጨው የረጠበ ጠጉር በዋና ጊዜ እንዳያከብደው፣ ደረቱና መገጣጠሚያዎቹ ላይ ጠጉር የሚተውለት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጎዳው ነበር። ትንሹ ፑድል እንግዲህ ይህን ሁሉ ሙያ በደሙ ይዞ ዳክዬ በሌለበት ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ባለሙያ ነው፤ በአገሩ መሐንዲስ ሆኖ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ አባወራ ሁኔታውን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በሙያው ሥራ ያጣ ባለሙያ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ፑድሉ ያገኘው ሥራ ቤተሰብ ማስተዳደር ነው።

ቤተሰቡ ይህን ውሻ የሚመርጥበት የመጀመሪያው ምክንያት ጠጉሩ አይረግፍም መባሉ ሲሆን፣ እሑድ ጠዋት ነጠላ ተለብሶ ቤተ ክርስቲያን በሚኬድበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አባባሉ በከፊል እውነት ነው። የብዙ ውሾች ጠጉር ጥቂት አድጎ ይረግፋል፤ የፑድል ጠጉር ግን ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ ያድጋል፣ የሚረግፈው ጥቂቱም በጥቅልሉ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። የተያዘው ጠጉር ካልተበጠረ ከቀረው ጋር ይተበተብና ቆዳን እየጎተተ የሚያሳምም ጓል ይሆናል፤ ስለዚህ ውሻው ቤት ውስጥ አዘውትሮ መበጠር፣ በየአራት እስከ ስምንት ሳምንቱ ደግሞ በባለሙያ መቀስ መስተካከል አለበት። ከዚህ በመነሣት የጠጉር አለመጥፋት ሕግ ሊባል የሚችል መርሕ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሕጉም ነጠላ ላይ ያልረገፈ ጠጉር ከኪስ ይረግፋል የሚል ነው። የራሱን ጠጉር መታጠቢያ ቤት ውስጥ በማሽን የሚላጭ አባወራ ውሻውን በቀጠሮ ወደ ጠጉር አስተካካይ የሚወስድ መሆኑ ለሕጉ በቂ ማረጋገጫ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አለርጂ ነው። የውሻ አለርጂ የሚመጣው በዋናነት ከጠጉሩ ሳይሆን በምራቅና በቆዳ ፍርፋሪ ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ሲሆን፣ ፑድልም እንደ ማንኛውም ውሻ ምራቅና ቆዳ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኔዘርላንድ ጥናት ከእነዚህ ፕሮቲኖች ዋነኛውን ሲለካ፣ አለርጂ አይቀሰቅሱም በሚባሉት ውሾች ጠጉር ላይ ያገኘው መጠን ከሌሎቹ የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አልነበረም። ይህ ግኝት ግን የአሥር ዓመት ልጅ በቤተሰብ ጉባኤ ፊት ከምታቀርበው ተቃራኒ ማስረጃ፣ ማለትም ከእንባ፣ ጋር ሲመዘን ሚዛን ሊደፋ አልቻለም።

ቅይጥ የሚባሉት አንዱ ወላጃቸው ፑድል የሆነ ውሾች ናቸው። ከኮከር ስፓኒየል የተዳቀለው ኮካፑ፣ ከካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓኒየል የተዳቀለው ካቫፑ፣ ከማልቲዝ የተዳቀለው ማልቲፑ ሲባል፣ አሜሪካን ኬኔል ክለብ አንዳቸውንም እንደ ዝርያ አይመዘግብም። ከአንድ እናት በአንድ ሌሊት ከተወለዱት ቡችሎች አንዱ የፑድሉን ጥቅልል፣ ሌላው የስፓኒየሉን ረጋፊ ጠጉር ይዞ ሊመጣ ስለሚችል፣ ገዢው የሚከፍለው ለታወቀ ነገር ሳይሆን ለዕጣ ነው። ኮካፑ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ በአሜሪካ ቢታወቅም፣ የስሞቹን የገበያ ኃይል ያሳየው ክስተት የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1989 በአውስትራሊያ ነው። ለዓይነ ስውራን መሪ ውሾችን በሚያሠለጥን ማኅበር ይሠራ የነበረው ዋሊ ኮንሮን፣ በሃዋይ ለምትኖርና ባሏ የውሻ አለርጂ ላለበት አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ሲል ላብራዶርን ከስታንዳርድ ፑድል አዳቀለ። ከተወለዱት ሦስት ቡችሎች ለሰውየው የተስማማው አንዱ ብቻ ነበር፤ የቀሩትንም ቅይጥ ናቸው ብሎ የሚወስዳቸው ቤተሰብ ሲጠፋ ኮንሮን ላብራዱድል የሚል ስም አወጣላቸው፣ ፈላጊውም ጎረፈ። ከሦስት በአንዱ ብቻ የተሳካው ሙከራ ለቅይጦች ሁሉ ዋስትና ተደርጎ የተቆጠረው በዚህ መንገድ ነው። ኮንሮን እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራው መጸጸቱን በይፋ ቢናገርም፣ ጸጸቱ ማራኪ ስም ስላልወጣለት ገበያ አላገኘም።

አእምሮውን በሚመለከት፣ የሥነ ልቦና ምሁሩ ስታንሊ ኮረን እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ውሾች ብልህነት ባሳተሙት መጽሐፍ ፑድልን ከቦርደር ኮሊ ቀጥሎ ሁለተኛ አድርገውታል፤ በዚህ እርከን ያሉ ውሾች አዲስ ትእዛዝ ከአምስት ባነሰ ድግግሞሽ የሚማሩና የሚያውቁትን ትእዛዝ ከ100 ጊዜ ቢያንስ 95ቱን አንዴ እንደሰሙ የሚፈጽሙ ናቸው። ይህ ችሎታ በጥናቱ አካባቢ ያስከተለው ውጤት ያልተጠበቀ ነው። ውሻው «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው» ሲባል ወዲያው የሚፈጽም ሲሆን፣ በየቅዳሜው አማርኛ ትምህርት የሚላኩት ልጆች ግን ለዚያው ትእዛዝ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። በመሆኑም ወላጆች ከልጆች የሚደብቁትን ነገር እስካሁን በአማርኛ ሲነጋገሩ የኖሩ ቢሆንም፣ ከውሻው የሚደብቁትን፣ ለምሳሌ የገላ መታጠቢያ ሰዓቱን፣ ለመነጋገር ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ ለማስታወስ ተገደዋል።

ውሻው ቤተሰቡን የሚያላምደው በሦስት ዘመናት ነው። የመጀመሪያው የቤዝመንት ዘመን ሲሆን፣ ይህም እናት «ከዚህ ደረጃ ከወጣ እኔ ቤቱን እለቅላችኋለሁ» የምትልበትና ውሻውን በዓይነ ቁራኛ የምታይበት ጊዜ ነው። ጥርጣሬዋ ታሪካዊ ቀዳሚ አለው፤ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ቦይ የተባለው የልዑል ሩፐርት ነጭ ፑድል በበራሪ ጽሑፎች በጠንቋይነት ተወንጅሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1644 በማርስተን ሙር ውጊያ ተገድሏል። ሁለተኛው የወጥ ቤት ዘመን የሚጀምረው ሌሊት ያለቀሰውን ቡችላ እናት ራሷ «ለዛሬ ብቻ» ብላ ወደ ላይ ይዛው ስትወጣ ነው። በዚህ ዘመን ትራፊ ለውሻ የሚለው ነባር ልማድ ይፈርሳል፤ ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ስለሚያፈርስ፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ሊበሳ ስለሚችል፣ ከዶሮ ወጥ ድስት ለውሻ የሚሆን ምንም ነገር እንደማይተርፍ ይደረስበታል። ባሏ ጨጓራውን ባመመው ጊዜ «ያለ ሽንኩርት ወጥ የሚባል ነገር የለም» ብላ የነበረችው እናትም ለውሻው በተለየ ድስት ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ቅመምና ያለ አጥንት ዶሮ ትቀቅላለች። ሦስተኛው የሶፋ ዘመን ደግሞ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚለው ምሳሌ የሚፈተንበት ነው፤ ጅቡ እስካሁን ባይታይም፣ ውሻው በቀደደው የክረምት ካፖርት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የጤና መድንና የልደት ኬክ ተራ በተራ ገብተዋል።

በዚሁ ዘመን ማኅበራዊ ማዕረግም ይለወጣል። ትንሽ ቢሆንም ለሥራ የተፈጠረ ውሻ በመሆኑ በየቀኑ መራመድ ያስፈልገዋል፤ ዓመታት ሙሉ ከጎረቤት ጋር በመኪና መስኮት ብቻ ሰላምታ ስትለዋወጥ የኖረችው እናት በማሰሪያው ጫፍ ሆና ሰፈሩን ታውቀዋለች፣ ሰፈሩም «የቡቺ እናት» ብሎ ያውቃታል። ወላጅን በልጅ ስም መጥራት በአገር ቤት የኖረ ወግ ስለሆነ ማዕረጉ እንግዳ አይደለም፤ ሦስት የልጆች ስሞች ተራ ሲጠብቁ ስያሜው ለአራተኛው መሰጠቱ ብቻ በልጆቹ በኩል ቅሬታ አስነሥቷል።

ቡችላ ለመግዛት የሚያስብ ቤተሰብ የእናትና የአባት ውሾቹን የዓይንና የጉልበት ምርመራ ውጤት መጠየቅ ይኖርበታል፤ የጉልበት ሎሚ መውለቅና ቀስ በቀስ የሚያሳውር የዓይን በሽታ በትንንሽ ፑድሎች ዘንድ የታወቁ ናቸውና። አለርጂ ያለበት ሰውም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ከዚያው ውሻ ጋር ደጋግሞ ሊቀመጥ ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ቀላል ስሌት መሠራት አለበት። ትንሹ ፑድል 15 ዓመትና ከዚያ በላይ መኖሩ የተለመደ ነው፤ «እኔ አበላዋለሁ፣ እኔ አወጣዋለሁ» ብላ የማለችው ልጅ 10 ዓመቷ ከሆነ በ18 ዓመቷ ኮሌጅ ትገባለች፤ የቀሩት 7 ዓመታት የሚያልፉት «ውሻ በቤቴ አይገባም» ካለው ወገን ጋር ነው። ስለዚህ የግዢው ውል፣ የክትባቱ ደብተርና የጠጉር አስተካካዩ ቀጠሮ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በተቃዋሚው ስም እንዲመዘገቡ ይህ ጥናት ይመክራል።