የቆሎ አቆራረጠም በማራኪና አካባቢው

ቆሎ መቆርጠም በሁለት መንጋጋ፣ በአንድ ምላስና በአንድ መዳፍ የሚከናወን ተግባር ነው። ለሥራው የተመደቡት ጥርሶች በአዋቂ ሰው አፍ 32 ናቸው፤ በጎንደር ማራኪ ቡና ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ከእነዚህ ግማሹን ሲያሠራ ግማሹን ዕረፍት ላይ ማቆየቱ የተለመደ ነው።

ጥሬ ዕቃው ገብስ ነው። ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ የሚወርደው ገብስ ይፈተጋል፣ ይነፈሳል፣ ይለቀማል፣ በምጣድ ይቆላል፤ ሽምብራና ሱፍ፣ አቅም ሲፈቅድም ለውዝ ይጨመርበታል። ከዚህ ሁሉ ለጤና ወሳኙ ለቀማው ነው። የጥርስ ሽፋን የሆነው ኢናሜል አጥንትን ጨምሮ በሰው አካል ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ ቢሆንም፣ ከለቀማ ያመለጠች ጠጠር ይህን ማዕረግ አታከብርም። አንዴ የተሸረፈ ኢናሜል መልሶ አያድግም፤ የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድድ ሰንጥቆ ሲወጣ አብረው አልቀዋል። ጠጠር የነከሰ ሰው ለአፍታ ዝም ይላል፣ በምላሱ ቆጠራ ያካሂዳል፣ ከዚያ ገበሬውን ይወቅሳል። የቆላችውን አይወቅስም፤ ሁለተኛውን ቡና የምትቀዳው እሷ ናትና።

ቆርጣሚዎች በእጃቸው ይለያሉ። ዛቂ የሚባለው እፍኙን ሞልቶ በአንድ ጊዜ ወደ አፉ ይገለብጣል። ምራቅ ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለው ንጥረ ነገር ስታርችን መፍጨት የሚጀምረው አፍ ውስጥ ነው፤ የዛቂው ቆሎ ግን እዚያ ስለማይቆይ ይህ ሥራ ሳይጀመር ይቀራል። ያልተላመጠች ፍሬም አንጀትን ዞራ እንደገባች ትወጣለች። ከዚህ የሚብሰው፣ የጥጋብ መልእክት ከሆድ ተነሥቶ አንጎል እስኪደርስ 20 ደቂቃ ያህል መውሰዱ ነው። መልእክቱ ሲደርስ ሰፌዱ ባዶ ነው። ለቃሚው በአንጻሩ አንድ አንድ ፍሬ ያነሣል፣ ቀስ ብሎ ያላምጣል፣ ጤናውም ደህና ነው፤ ሆኖም የሚለቅመው ለውዙን ብቻ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ያለው ግንኙነት ይጎዳል። ሦስተኛው ወርዋሪ ነው። ፍሬውን ወደ ላይ አጉኖ በአፉ ይቀበላል። ልጅ አይቶ እንዳይማረው ያሰጋል፤ ለውዝና ቆሎ ከ4 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጉሮሮ ላይ ተሰንቅረው ትንፋሽ ይዘጋሉና ለሕፃን አይሰጡም።

ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው ባንድ ወገን ማኘክ ነው። መነሻው ብዙውን ጊዜ በሌላው ወገን ያለ የታመመ ጥርስ ሲሆን፣ ባለቤቱ ጥርሱን ከማሳከም አቅጣጫ መቀየር ይቀለዋል። የሚሠራው ወገን ጡንቻ ይደክማል፣ የመንጋጋ መጋጠሚያው ይታመማል፤ ሥራ የፈታው ወገን ላይ ደግሞ ቆሻሻ ይከማችና ወደ ጥርስ ድንጋይ ይለወጣል። ፈንድሻ ሲታከልበት ገለባው ድድ ሥር ይገባል። ለማውጣት የክብሪት እንጨት፣ አንዳንዴም መርፌ ይታዘዛል። የወይራ መፋቂያ የተሻለ ነው፤ ጫፉ ታኝኮ ሲለሰልስ ብሩሽ ይሆናል። ነገር ግን መፋቂያ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ስለሚያወራ ከፊት ጥርሶቹ አያልፍም።

ጥርስ ለሌለው በሶ አለ። ቆሎውን አስቀድሞ ወፍጮ ያኝክለታል። አቋቋም ለመማር ጎንደር በአታ ድረስ የሚመጣው የቆሎ ተማሪም ጥርሱ ሳይጎድል በሶውን ይዞ ይመጣል፤ ዜማና ማኘክ ባንድ አፍ አብረው አይሄዱምና።

ጫት ቆሎ አይደለም። ያም ሆኖ ባንድ ጉንጭ ተወትፎ ለሰዓታት የሚቆይ ስለሆነ እዚህ መጠቀሱ ተገቢ ነው። አፍ ያደርቃል፣ ድድ ያቆስላል። ምሬቱን ለማጥፋት የሚጠጣው ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ደግሞ የአፍን ፒኤች ከ5.5 በታች ሲያወርደው ኢናሜሉ መሟሟት ይጀምራል። ቆሎ ይህን ሁሉ አያደርግም፤ እንዲያውም ማላመጡ ምራቅ ያመነጫል፣ ምራቅም አሲድ ያለዝባል።

ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ተከፍቶ ለአገሪቱ የጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን ኖሯል። በዚያው ከተማ የቢራ ጠርሙስ በመንጋጋ የሚከፍት ጎልማሳ ዛሬም አይታጣም፤ ጥርሱ ሲሰነጠቅም ለሐኪም የሚሰጠው ቃል «ቆሎ ስቆረጥም» የሚል ነው። ሐኪሞች ካርዱ ላይ ቆሎ ብለው ከመጻፋቸው በፊት ጠርሙሱን ማን እንደከፈተው ይጠይቁ።