ደረት የሚመታ ምስክርነት

ድሬዳዋ ለሙዚቃ ባለውለታዎቿ ሐውልት ላቁም ካለች ለድምፃዊ አታቁም። ድምፃዊ ዘፍኖ፣ ተጨብጭቦለት፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ሐውልት የሚገባው ወገብ የሚደርስ ጥንድ ስፒከር ገዝቶ፣ ሳሎኑ ውስጥ ግራና ቀኝ አቁሞ፣ ሙሉ ሰፈሩን በነፃ ለሚያስኮመኩመው ባለንብረት ነው። ይህ ሰው ቲኬት አይቆርጥም። ምን መስማት ትወዳላችሁ ብሎም አያስቸግርም። ሳቢያን ቢኖር ሳቢያንን፣ ገንደ ቆሬ ቢኖር ገንደ ቆሬን በጠቅላላ ታዳሚ አድርጎ መዝግቦታል። ደግነቱ ከተማዋ ወጪ የለባትም፤ ሐውልቶቹን ራሱ ሁለት አድርጎ አቁሟቸዋል።

የዛሬው ምስጋና ታዲያ ለስፒከሩ ብቻ አይደለም፤ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ለሚመጣው ምስክርነት ጭምር ነው። ፍሪጅ የገዛ ሰው ውኃ ያቀዘቅዝበታል እንጂ እንግዳ ጠርቶ ቅዝቃዜውን አያስመሰክርም። ረጅም ስፒከር የገዛ ግን በሳምንቱ ሊቅ ይሆናል። ስለ ባስ ያስተምራል፣ ስለ ጥራት ይፈርዳል፣ የሌላውን ሰው ስፒከር በአንድ የከንፈር ምጥጫ ያዋርዳል።

ሊቅነቱ የሚጀምረው ከዋት ነው። ድሬ ታይዋን ገበያ ገብቶ ስፒከር የሚመርጥ ሰው ዘፈን አስከፍቶ አይሰማም፤ ካርቶን ያነባል። አንዱ ካርቶን 10 ሺህ ዋት ይላል፤ አጠገቡ ያለው 12 ሺህ። ልባም ሰው የትኛውን እንደሚገዛ ግልጽ ነው። ቁጥሩ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የምቀኛ ሥራ ነውና እኛ ምቀኛ ሆነን እንጠይቅ። የቤታችን መብራት 220 ቮልት ነው። ሶኬቱ የተያያዘበት ብሬከር 16 አምፔር ቢሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ 3,520 ዋት ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ተስቦ ከቆየ ብሬከሩ ይወርዳል። እንግዲህ ባለ 10 ሺው ስፒከር ከግድግዳው ከሚቀበለው ሦስት እጥፍ ገደማ ይሰጣል ማለት ነው። የሕዳሴው ግድብ መሐንዲሶች ይህን ሳይሰሙ ያን ሁሉ ኮንክሪት ማፍሰሳቸው ያሳዝናል። ከታይዋን ጥቂት ካርቶን ቢያስጭኑ ኖሮ አገሩ ሁሉ በርቶ ይተርፍ ነበር።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር «ፒኤምፒኦ» የሚባለው ነው። ወጥ መለኪያ የለውም፤ ሻጭ ለቅጽበት ይሆናል ብሎ የሚያሰላው የማሻሻጫ ቁጥር ነው። ስፒከሩ ሳይቃጠል አዘውትሮ የሚችለው ኃይል በሌላ ቁጥር ነው የሚነገረው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ጀርባ በጥቃቅን ፊደል ተደብቆ ይገኛል። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ደህና የተሠራ ረጅም ስፒከር አንድ ዋት ብቻ ቢሰጡት፣ አንድ ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው 88 ዴሲቤል አካባቢ ማሰማቱ ነው። አንድ ዋት! የቀረው 9,999 የጎረቤት ድርሻ ነው።

ስፒከሩ ቤት ሲገባ ሁለተኛው ጥበብ ይከተላል። አንደኛው በቡፌውና በግድግዳው መሃል ይወሸቃል። ሁለተኛው ቦታ ስላጣ በሩ ጥግ ይቆማል። ላስቲኩ አይነሳም፤ አዲስነቱ ይጠፋል። አናቱ ላይ ዳንቴል ይለብሳል፣ ከዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው አጠገብ የምረቃ ፎቶ። ባሱ ሲመታ አበባው ይርገበገባል፣ የፎቶው መስታወት ይንጫረራል፣ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይጨባበጣሉ። ባለቤቱ ይህን ሁሉ ይሰማና «ድምፁ ምን ያህል ዝርዝር እንዳለው አያችሁ?» ይላል። ዝርዝሩ የቡፌው ነው።

የድምፅ ባለሙያዎች ሁለቱ ስፒከሮችና አድማጩ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፣ ስፒከሩም ከግድግዳ ይራቅ ይላሉ። ጥግ የገባ ስፒከር ባሱ ያብጣል፤ አንድ ኖታ ይጮህና ሌላው ይሰወራል። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንድ ሞገዱ ወደ 9 ሜትር ይጠጋል። ሦስት በአራት በሆነ ሳሎን ውስጥ ይህ ሞገድ እግሩን የሚዘረጋበት ስላጣ በመስኮት ወጥቶ ደቻቱ ድረስ ሽርሽር ቢሄድ ማን ይፈርድበታል?

ከዚህ የባሰው ግን የመጅሊሱ ጉዳይ ነው። ረጅም ስፒከር ረጅም የሆነው ለመታየት አይደለም፤ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትዊተር ወንበር ላይ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ትይዩ እንድትሆን ነው። የድሬ ሰው ደግሞ ወንበር ላይ አይሰማም። መጅሊሱ ላይ በክርኑ ደገፍ ብሎ፣ ጆሮውን ከቡፈሩ ፊት ለፊት አድርጎ ነው የሚያዳምጠው። ባለቤቱ ለቁመቱ ብሎ የከፈለበት ድምፅ ከታዳሚው ራስ በላይ አልፎ ይሄዳል። ማንም ግን አይከፋም፤ ቡፈሩ አለ፤ ቡፈሩ ደረት ይመታል።

እዚህ ላይ ወደ ችሎቱ እንገባለን። ስፒከር የሚፈረድለት ቀትር ካለፈ በኋላ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ የአወዳይ ጫት ደርሶ፣ በርጫው ሲደምቅ ነው። በጠዋት የተሰጠ ምስክርነት እስካሁን አልተመዘገበም፤ በሀራራ ሰዓት የሚያስደስት ስፒከር ገና አልተፈበረከም። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ግን ምርቃናው ይገባል፣ ዳኞቹም ጆሮ ያወጣሉ።

«ስማ! ስማ! ባሱን ስማ!» ይላል ባለቤቱ፤ ሰዎቹ ሌላ የሚሰሙት ነገር ያለ ይመስል።

«ወላሂ ግድግዳው ነው የሚዘፍነው!»

«ይሄ ኦሪጅናል ነው፤ ከዱባይ የመጣ ነው።»

«አንተ፣ ልቤን እኮ አዘለለው!»

የቀረ ካለ ዋጋው ነው፤ እሱም ሳይጠየቅ ይነገራል፤ በየምስክርነቱ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ። ማታ ጨብሲ ላይ ሲደረስ ስፒከሩ ከገዢው ደመወዝ በላይ፣ ዋቱም ከግድቡ በላይ ሆኖ ያድራል።

በዚህ ሁሉ ችሎት አንድ ስም አልተጠራም፤ የዘፋኙ። የተከፈተው የዓሊ ቢራ ዘፈን ነበር። ዓሊ የዚችው ከተማ ልጅ ነው። እዚሁ ተወልዶ፣ በአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ገና በልጅነቱ ጀምሮ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አርፎ አፈሩም እዚሁ ነው። ኡድ ይዞ ያዜማቸውን ዜማዎች ድሬ በትንሽ ሬዲዮ ሰምታ በቃሏ ይዛቸዋለች። የወንድ ልጅ ድምፅ በአብዛኛው ከ80 ኸርዝ በታች አይወርድም፤ ኡድም ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሳሎኑን ያራደው ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ እንግዲህ ዓሊ አልዘፈነውም። ባስ ማብዣዋ ቁልፍ ናት የዘፈነችው። ኡዱን የሰማ ሰው አለ ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ችሎቱ «የቱ ኡድ?» ብሎ ይጠይቃል።

መቼም ኡዱ ቢጠፋ ጥፋቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ዘፈኑ ከሸክላ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ፍላሽ ተገልብጦ፣ በመጨረሻ በቴሌግራም ተጨምቆ የደረሰ ነው። 128 ኪሎቢት የሆነ ኤምፒ3 ብዙውን ጊዜ ከ16 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ቆርጦ ይጥላል። የግልባጭ ግልባጭ የሆነውን ፋይል በብሉቱዝ ልኮ «ጥርት ያለ ነው!» ብሎ መማል ግን እምነት ይጠይቃል። እምነትን ደግሞ እናከብራለን።

አሁን ከሳሎኑ እንውጣና ታዳሚውን እንይ። ድሬ ሞቃት ናት። በግንቦትና በሰኔ መስኮት ዘግቶ የሚቀመጥ የለም፤ ፍራሽ አውጥቶ ግቢ የሚያድረውም ብዙ ነው። በዚህ ከተማ የአንድ ሳሎን ድምፅ የሳሎኑ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ከግድግዳው ወዲያ የሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ የመጣ ነርስ ሊተኛ ይሞክራል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ፊዚክስ ያነባል፤ ትናንት የወለደች እመጫት ሕፃኗን ታባብላለች። ባለ ስፒከሩ ለእነዚህ ሁሉ ያስባል። ተማሪው ስለ ሞገድ ከመጽሐፍ ከሚያነብ በደረቱ ቢማረው ይሻላል፤ ሕፃኑም ከአሁኑ ኦሪጅናል ይልመድ።

ሕግ የሚባል ነገር አለ ብሎ የሚያነሳ አይጠፋም። በእርግጥ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ጩኸትንም ይመለከታል፤ የአገሪቱ መለኪያም በመኖሪያ ሰፈር በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። 55 ዴሲቤል ሁለት ሰዎች ሳይጯጯሁ የሚጨዋወቱበት ያህል ነው። በአንድ ዋት 88 የሚደርስ ዕቃ ገዝቶ 55 ላይ ማቆም ግን፣ ለገንዘቡ የሚያስብ ሰው እንዴት ይቻለዋል?

የዓለም ጤና ድርጅትም አላረፈም። 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት መስማት ይቻላል፤ 90 ከሆነ ግን 4 ሰዓት ብቻ ይላል። አራት ሰዓት አንድ በርጫ ነው። ሰኞ ተቅሞ የሳምንቱ ድርሻ ካለቀ፣ ከማክሰኞ እስከ እሑድ ያለው በሙሉ ከጆሮ ካፒታል የሚወጣ ነው። ባለቤቱ ካፒታሉን እያነሰ ሲሄድ ያየዋል፤ ድምፁ ቀነሰብኝ ይልና ቁልፉን ይጨምራል። ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል ይፈልጋል፣ ለዚያም ኃይሉ አሥር እጥፍ መሆን አለበት። በዚህ ስሌት ከጥቂት ዓመት በኋላ 10 ሺህ ዋቱ እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳ አይበቃውም።

የባለ ስፒከሩ ጠበቆች ሁለት መከላከያ አላቸው። አንደኛው፣ ድሬ በጩኸት የተወለደች ከተማ ናት የሚል ነው። ልክ ነው፤ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የምድር ባቡር ነው የቆረቆራት፤ ለገሃሬ ለስንት ዘመን በባቡር ፉጨት ነቅታ ተኝታለች። ነገር ግን ከፉጨቱ ኋላ ባቡር ነበር፣ ከባቡሩ ኋላ ጨውና ጨርቅ፣ ሥራና እንጀራ ነበር። ከዚህኛው ጩኸት ኋላ ያለው ዳንቴል ነው። ለሰርግ የሚከራየው ሞንታርቦ እንኳ ሙሽራ አለው፤ ሰርጉ ሲያልቅ ተጭኖ ይመለሳል። የሳሎኑ ሰርግ ሙሽራ የለው፣ መልስ የለው፣ ማብቂያም የለው።

ሁለተኛው መከላከያ ይበልጥ ያማል፤ «ድሬ የፍቅር አገር ናት፤ እስካሁን አንድ ሰው መጥቶ ቀንስ አላለኝም» የሚል ነው። ይህም ልክ ነው። የድሬ ሰው በሰው ደስታ አይገባም፤ ጎረቤቱን ከማስቀየም ራሱን ማሳመም ይቀለዋል። እንቅልፍ አጥቶ ያደረው ሰው ጠዋት በር ላይ ሲያገኝህ «ኧረ ትናንት ሞቅ ብሎልህ ነበር!» ብሎ ይስቅልሃል። ባለ ስፒከሩ ይህን ይሰማና ከምስክርነቶቹ ተርታ ይጨምረዋል። የሰው ይሉኝታ ፈቃድ ሆኖ የሚቆጠርበት አገር ላይ ስፒከር መግዛት በእርግጥም ያዋጣል።

ቧልቱን እዚህ ላይ እናቁመው። ጥሩ ስፒከር ጥሩ ነገር ነው፤ ገዝቶ መደሰትም ነውር የለውም። ነውሩ ምስክርነቱ ነው፤ ምክንያቱም ውሸት ነው። ስለ ድምፅ የሚናገር ይመስላል እንጂ የሚናገረው ስለ ዋጋው፣ ስለ ቁመቱና ስለ ገዢው ነው። ዘፋኙን ያልጠራ፣ መሣሪያውን ያልለየ፣ ጎረቤቱን ያልቆጠረ ሰው ሙዚቃ ሰማሁ ቢል አንመነው።

ስለዚህ ባለ ስፒከሮች ሆይ፣ አስተያየታችሁን ለመስማት አሁንም ዝግጁ ነን። ከመናገራችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉልን። የምትወዱትን ዘፈን እንደ ልማዳችሁ ክፈቱ፣ ቁልፉን እንደ ልማዳችሁ አድርሱት፣ ከዚያ ተነሥታችሁ ውጡና የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። እመጫቷ አጠገብ ወይም ተማሪው ጠረጴዛ ዳር ቁጭ ብላችሁ የራሳችሁን ስፒከር ከዚያ ሆናችሁ እስከ መጨረሻው አዳምጡት። ምስክርነታችሁን ያን ጊዜ ስጡን።