ፎርማት ይደረግ!

የቢሮ ኮምፒውተር ሐኪሞቻችንን የሚያህል ማን አለ? ኢሜይሉ ሲከፈት ማሽኑ ይግላል፣ ፋኑ ይጮሃል፣ ማውዙ አልታዘዝ ይላል። ባለቤቱ «ምን ነካው?» ብሎ ሳይጨርስ መልሱ ይደርሳል፦ «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ!» ምርመራውም ሕክምናውም በአንድ ትንፋሽ። ሽሮ ገነፈለ ተብሎ ማድ ቤቱ ቢፈርስ ምን ነውር አለው? በፈረሰ ማድ ቤት ሽሮ ገንፍሎ አያውቅም።

ከዚህ ጥበብ የራቁ ምስኪኖች መጀመሪያ ይጠይቃሉ። ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፕሮሰሰሩን ማን እንደያዘው ያያሉ። ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ‹አክቲቪቲ ማናጀር› የሚባለውን መስኮት ይከፍታሉ፤ ፕሮግራሙ በዚያች ሰዓት ምን እየሠራ እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ተከሳሹን ቃሉን ማስሰጠት! በየትኛው ቢሮ ታይቶ ነው?

ቃሉም አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነው፦ የዓመታት መልእክት የተከማቸበት አካውንት ጨምራችሁብኛል፤ በኋላ ፍለጋ እንዲፈጥንላችሁ እያንዳንዱን እያነበብኩ ኢንዴክስ እየሠራሁ ነው። ይህ ሥራ ፕሮሰሰሩን ያስጨንቀዋል፤ ሲያልቅ ግን ያርፋል። ማሽኑን ሳያጠፉ ማሳደር ብቻ ይበቃ ይሆናል። ማሳደር ግን ሙያ አይመስልም፤ ፍላሽ ይዞ መሮጥ ነው የሚያስከብረው።

እናም ፎርማት ይደረጋል። ፕሮግራሙ እንደ አዲስ ይጫናል፣ መልእክቱ ሁሉ ከሰርቨር ተመልሶ ይወርዳል፣ ኢንዴክሱም ከሀ ይጀምራል። ፋኑ መጮሁን ይቀጥላል። ታዲያ ይህ ሕክምናው ስህተት እንደነበር ያሳያል? በፍጹም! የሚያሳየው ኮምፒውተሩ ማርጀቱን ነው። ግዥ ክፍል ይጠራ።

የተንደርበርድን ‹ትራብልሹት ሞድ› አላነሳም። ተጨማሪ አድኦኖችን አጥፍቶ መክፈት፣ ጩኸቱ ከቆመ ጥፋተኛውን ከእነሱ መሃል መፈለግ፦ አበል የለው፣ ኮሚቴ የለው። አውትሉክም ‹ሴፍ ሞድ› አለው ይባላል፤ ማን ይደፍረዋል?

የቫይረሱን ነገር ግን እንዲሁ ማለፍ ግፍ ነው። ተንደርበርድ ካልቀየሩት በቀር የአንድን ፎልደር መልእክት በሙሉ በአንድ ረጅም ፋይል ይከምራል። የተሰረዘውም ከዓይን ይሰወራል እንጂ ‹ኮምፓክት› እስኪደረግ ከፋይሉ አይወጣም። ጊጋባይት የሚመዝን ኢንቦክስ የሚወለደው እንዲህ ነው። አንዲት አዲስ መልእክት ስትገባ ፋይሉ ተለወጠ ማለት ነውና ፀረ ቫይረሱ ክምሩን እንደገና ሊፈትሽ ይነሳል። የእኛ ሐኪም ይህን ሲያይ ምን ያደርጋል? ሁለተኛ ፀረ ቫይረስ ይጭናል።

ጥንቃቄ የለውም እንዳትሉ። ከፎርማት በፊት ዴስክቶፑንና ዶክመንቱን አንድም ሳያስቀር ወደ ፍላሹ ገልብጧል፤ የልጆቹን የልደት ፎቶ ሳይቀር። የተንደርበርድ ፕሮፋይል ግን በዊንዶውስ ላይ ‹አፕዳታ› በሚባል ድብቅ ፎልደር ውስጥ ነው የሚኖረው። የተደበቀ ነገር መበርበር ደግሞ ጨዋነት አይደለም። የሒሳብ ክፍሏ እትዬ መልእክቶች በፖፕ እየወረዱ ከሰርቨር የሚጠፉ፣ በዚያው ማሽን ብቻ የሚቀመጡ ነበሩ። ባዶውን ኢንቦክስ እያዩ «ልጄ፣ የኦዲተሩ ደብዳቤስ?» ሲሉት፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ እንዲህ አላቸው፦

«ውይ እትዬ፣ ባክአፕ አልያዙም ነበር እንዴ?»