ባለ ስድስት «ሀ» ድልድይ

ሃስኬል የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የጀመረ ሰው ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው «በተኑስ?» ብሎ ነው። መስኮት ከፍቼ፣ በተን አስቀምጬ፣ ሲጫኑት ሰላም የሚል ነገር መቼ ነው የምሠራው? የጎረቤቴ ልጅ በዚህ ጥያቄ ወጥሮ ይዞኛል። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ታክሲ ስንጠብቅ እንኳ አይምረኝም።

«ጋሼ፣ በሌላው ቋንቋ እኮ አምስት መስመር ነው!»

ነው። ሃስኬል ግን ንጹሕ ነኝ ባይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ብቅ ያለው ይህ ቋንቋ ፈንክሽን ሁሉ ቃሉን እንዲጠብቅ ይፈልጋል፤ ያንኑ ከሰጠኸው ያንኑ ይመልስልሃል። የታክሲ ረዳት ንጹሕ ፈንክሽን አይደለም። ከድልድዩ መርካቶ ያው መንገድ ነው፤ ዝናብ ጠብ ሲል ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በተንም የረዳቱ ወገን ነው፤ መቼ እንደሚጫኑት አይታወቅም፣ ውጤቱም ከዚያ በፊት በተደረገው ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ሃስኬል እንዲህ ያለውን ጉዳይ «አይኦ» የሚል ምልክት ለጥፎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ኤልም የሚባል ሌላ ቋንቋ ደግሞ ዘዴ ጨመረ፦ ያለውን ሁኔታና የመጣውን ክሊክ ለአንድ ንጹሕ ፈንክሽን ይሰጣል፣ ፈንክሽኑ አዲሱን ሁኔታ ይመልሳል፣ ሌላ ፈንክሽን ገጹን ይሥላል። ልጁ ይህን ሲሰማ ረካ።

ጉዱ የመጣው ከጽሑፉ ነው።

«ሰላም»ን ፕሪንት ቢለው «\4656\4619\4637» ብሎ መለሰለት። ሰላምታ ሲጠብቅ የሎተሪ ቁጥር ደረሰው። ተንኮል የለበትም፤ ፕሪንት ጽሑፉን የሚያሳየው ለፕሮግራመር ነውና የእኛን ፊደል በዩኒኮድ ቁጥሩ ይጽፈዋል። «ፑት ስትር ላይን» ቢለው ሰላም ይለዋል።

ከዚያ ዋጋው አለ። በሃስኬል ስትሪንግ ማለት ፊደል ከፊደል የተቀጣጠለ ዝርዝር ነው። በባለ 64 ቢት ማሽን አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል 24 ባይት ስትይዝ የእኛዋ «ሀ» 40 ትፈጃለች፤ የላቲኖቹ አስቀድመው ተሠርተው ተቀምጠዋል፣ የእኛ በተጠራች ቁጥር እንደ አዲስ ትሠራለች። «እንግዲያው ቴክስት የሚባለውን ላይብረሪ ተጠቀም» ይሉሃል። እሱም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ዩቲኤፍ 8 ሲዞር እንግሊዝኛው ከ2 ባይት ወደ 1 ወረደለት፣ እኛ ከ2 ወደ 3 ወጣን። የኑሮ ውድነቱ እዚያም ድረስ ተከትሎናል።

ቃላት የሚከፍለው ፈንክሽንም ባዶ ቦታ እንጂ ሁለት ነጥብ አያውቅም። እንደ ድሮ ሰው «ነገ፡በጠዋት፡እመጣለሁ» ብትለው «አንድ ቃል ነው» ይልሃል።

ልጁ ግን ያሰበው የሰፈር መፈለጊያ ነው። መዝገቡ ላይ «ሃብተ ጊዮርጊስ» አለ፤ ፈላጊው «ሐብተ ጊዮርጊስ» ብሎ ይጽፋል፤ ሃስኬል «እኩል አይደሉም» ብሎ ይዘጋል። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፦ ረዳቱ ስድስቱንም በአንድ አፍ ይጠራቸዋል። የግዕዝ መምህር ቢያዩን «ሀብት በሃሌታው ነው!» ብለው ይቆጣሉ። እውነት አላቸው፤ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ግን መምህር አይደለም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር አድርገው የሾሟቸው፣ «አባ መላ» የተባሉት ፊታውራሪ ሃብተ ጊዮርጊስ ስማቸው መላ ያሳጣል ቢባሉ ምን ይሉ ነበር?

መላው ግን አለ፣ ንጹሕም ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ሲገባ ቤቶቹ ስምንት ስምንት ቁጥር ተሰጥቷቸው ተደረደሩ፤ ሀ 4608 ናት። ከሐ ቤት 16፣ ከኀ ቤት 128 ስትቀንስ ሁሉም ሀ ቤት ይገባሉ (ሗን ለጊዜው ተዋት)። ከዚያ ሃን ሀ ማድረግ ነው። የማንንም ሁኔታ አይነካም፣ ዝናብም አይለውጠውም።

ልጁ ጻፈው፤ ስድስቱም አንድ ሆኑ። በተኑንም አስቀመጠና እናቱን «እስቲ ይሞክሩት» አላቸው። እናቱ «ሀብተጊዮርጊስ» ብለው አጣብቀው ጻፉና ተጫኑ።

«ምንም አልተገኘም።»